ዘጠኝ መዳብ፣ አንድ ቆርቆሮ

እትዬ ናሙናን አንድ ተራ ቀን ምን ያህል እንደሚያስወጣቸው አንድ ማክሰኞ ቆጥሬያለሁ። ገንዘቡን አይደለም፤ እሱን እሳቸው ያውቁታል። ልጄ ጥርስ እያወጣች ስለነበር አዝያት ላይ ታች ስል ዋልኩ፤ እሳቸው በሄዱበት ሁሉ ሳላስበው እኔም ነበርኩ።

ዘጠና ስድስት ደረጃ መውረድ፣ ዘጠና ስድስት መውጣት፤ አሳንሰሩ እኛ እዚህ ሕንፃ ከመግባታችን በፊት የቆመ ነው። በየወለሉ ለግራ ጉልበታቸው አንድ «ኡፍ»። ጠዋት ሁለት ጠብታ የዓይን መድኃኒት፣ ከሰዓት ሁለት። አንድ ዳቦ፣ ግማሹ ለነገ። ሁለት ቅጠል ካሬ ወረቀት። አንድ እርሳስ፣ ሙሉውን ባይሆንም የጣት ጥፍር ያህል።

ቃል ደግሞ፣ ከሰው ጋር ያወጡት፣ አስራ አንድ። ዳቦ ቤት፣ «አንድ፣ ያልተቃጠለ።» ለጥበቃው፣ «ደህና አደርክ።» ልብስ ለምታሰጣው ጎረቤት፣ «ዝናብ ሊመጣ ነው።» ለእኔ፣ «ልጅቷ ተኛች?» እና «በሩን ቀስ።» በቃ። በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት፤ ከዚያ በኋላ ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማው የማውስ ድምፅ ብቻ ነበር። ቀጭን ግድግዳ ነው፤ ሲያስነጥሳቸው ይማርዎት የምለው ከዚህ ሆኜ ነው።

እውነተኛ ስማቸው ታች የደብዳቤ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፤ የሚጠራቸው ግን የለም። እትዬ ናሙና ያሏቸው የሕንፃው ልጆች ናቸው፤ ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ድንጋይ ስለማይጠፋ፣ ምንድነው ሲባሉም «ናሙና ነው» ስለሚሉ። መጀመሪያ ከኋላ ሆነው ነበር የሚጠሩዋቸው። አንድ ቀን ዞር ብለው «አቤት» ሲሏቸው ስሙ ጸደቀ።

እኔ የተዋወቅኳቸው ልጄ ግቢ ውስጥ ጠጠር አንስታ አፏ ውስጥ የከተተች ቀን ነው። ልጮህ ስል ከጎኔ አንዲት ረጅም ሴትዮ ጎንበስ አሉና የልጅቷን አፍ አዩ።

«አይዞሽ፣ ባዛልት ነው፤ መርዝ የለውም» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ግን አውጪው፤ ያንቃታል።»

በጣቴ አወጣሁት። ከመዳፌ ላይ ተቀበሉኝ፣ በቀሚሳቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት፣ ከዚያ ላሱት። እኔ ክው አልኩ።

«ድንጋይ መልኩ የሚወጣው ሲርስ ነው» አሉ። «ውኃ ፍለጋ ከመሄድ ምላስ ይቀርባል።»

«እትዬ፣ ታዲያ ልጄን እንዴት ብዬ ልቆጣት?»

«ገና ሥልጠና አልወሰድሽም በያት።»

ቀልዳቸው እንዲህ ነው፤ ፊታቸው አይንቀሳቀስም። ሲቀልዱና ሲያዝኑ አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ ብዙ ሰው ሁለቱንም ያልፋቸዋል።

ሰላሳ አንድ ዓመት የሠሩት በማዕድን ጥናት መሥሪያ ቤት፣ የናሙና መጋዘን ውስጥ ነው። መሬት በመሰርሰሪያ ሲቆፈር እንደ ዘንግ የተጠረበ ድንጋይ ይወጣል። ያ ዘንግ ተቆራርጦ ረጃጅም የእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ እንደ ጽሑፍ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይደረደራል። የእሳቸው ሥራ መደርደር፣ ማጠብ፣ ጫፉ ላይ ቁጥር በቀለም መጻፍና ማንም ሲጠይቅ ያንኑ ሳጥን ፈልጎ ማውጣት ነበር። ቁጥሩ ጥልቀት ነው። በእሳቸው ቤት ዜሮ ማለት የሰው እግር የቆመበት ነው፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ወደ ታች ይወረዳል። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ጉድ ያመጣው እሱ ነው።

ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት መጋዘኑ ለሌላ ሥራ ተፈለገ። ሳጥኖቹ ለማገዶ ተሰጡ። ድንጋዩን ዘጠኝ የጭነት መኪና ጭኖ ወስዶ የአንድ ግቢ መኪና ማቆሚያ ሥር መሙያ አደረገው። እትዬ ናሙና የሰሙት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

«አልተናደዱም?» ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ።

«ማን ላይ? ድንጋይ ነው ብለው ነው፤ ድንጋይም ነው» አሉ። ከዚያ፣ «በዚያ በኩል ሳልፍ አስፋልቱን በእግሬ መታ መታ አደርገዋለሁ። ሰላም ለማለት ያህል።»

የቀራቸው አስራ አራት ደብተር ነው፤ እያንዳንዱ ድንጋይ በጽሑፍና በባለቀለም እርሳስ የተመዘገበበት።

ሰውን በተመለከተ ደግሞ የቀረቻቸው የወንድማቸው ልጅ ናት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እሳቸው አሳድገዋት፣ አስተምረዋት፣ አሁን በሌላ ከተማ የደም ምርመራ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። «እሷም ናሙና ላይ ናት» ይላሉ፣ በኩራት ይመስለኛል። ስትሄድ አሮጌ ኮምፒውተሯን ትታላቸው፣ እሁድ እሁድ በኢንተርኔት እየተነጋገሩ አብረው የሚጫወቱት ጨዋታ ጫነችላቸው። ጨዋታው ላላወቀው ሰው እንዲህ ነው፦ ሰፊ ባዶ አገር ውስጥ ትገባላችሁ፤ ትቆፍራላችሁ፣ እንጨት ትቆርጣላችሁ፣ ያገኛችሁትን እያጋጠማችሁ መሣሪያና ቤት ትሠራላችሁ። ማሸነፍ የለም፣ መሸነፍም የለም። መኖር ነው።

መጀመሪያ ቀን ልጅቷ መሬቱን ቆፈረችና «አክስቴ፣ ድንጋይ አገኘሁ» አለች።

«ምን ድንጋይ?»

«ድንጋይ ነዋ።»

«ስም የለውም?»

«እዚህ ሁሉም ድንጋይ ነው፣ አክስቴ። ግራጫው ድንጋይ ነው፣ ብልጭ የሚለው ወርቅ ነው፣ ሌላው ብረት ነው። በቃ።»

እትዬ ናሙና ያንን እሁድ ሲያነሱት ሰው እንደሰደባቸው ነው የሚያወሩት። አንድ ሙሉ ዓለም አንድ ድንጋይ ብቻ!

ሁለት ዓመት ያህል እሁድ እሁድ ተጫወቱ። እሳቸው ወንዙ ምዕራብ ዳር ጎጆ ሠሩ፤ ልጅቷ ተራራ ማየት እፈልጋለሁ ብላ ወንዙን ተሻግራ በምሥራቅ፣ አንድ የጨዋታ ቀን በሚያስኬድ ርቀት ላይ የእንጨት ቤት ሠራች። ከዚያ ልጅቷ አገባች፣ ፈረቃዋ ተቀየረ፣ እሁዶቹ ሳሱ። አንድ እሁድ ሳትመጣ ቀረች። ሌላም። እኔ ነገሩን ባወቅኩ ጊዜ አስራ አንድ ወር ሆኗት ነበር። ስልክ ትደውላለች፣ ደህንነታቸውን ትጠይቃለች፤ ወደ ጨዋታው ግን አትገባም። እሳቸውም አንድ ቀን ለምን ብለው አልጠየቋትም።

ያልጠየቁትን በሥራ ተኩት። ጨዋታው ላይ ማንም ሰው የራሱን ነገር ጽፎ መጨመር ይችላል። እትዬ ናሙና ተጫዋቾች የጻፉትን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈቱ አራት ወር አነበቡ።

«የኮምፒውተር ቋንቋ አልከበደዎትም?» አልኳቸው። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ የተማርኩት ማብራትና ማጥፋት ነው።

«ቋንቋ አይደለም፤ ቅጽ ነው» አሉ። «ስም፣ ጥንካሬ፣ በምን ይቆፈራል፣ ከስንት ጥልቀት እስከ ስንት። ቅጽ ስሞላ ነው ያረጀሁት።»

እንዲህ ሆኖ የጠፋውን መጋዘን አንድ በአንድ ያስገቡት ጀመር። ባዛልት፣ የኖራ ድንጋይ፣ የአሸዋ ድንጋይ፣ እብነ በረድ፣ ግራናይት፣ ያ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው የእግር መፈተጊያ ድንጋይ፤ በጠቅላላው ሃምሳ ስምንት። ጨዋታው ውስጥ የእያንዳንዱ ድንጋይ ፊት አስራ ስድስት በአስራ ስድስት ካሬ ነው። ካሬ ወረቀት ላይ በባለቀለም እርሳስ ይስሉና አንዷን ካሬ በአንዷ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጣሉ፤ ለአንድ ድንጋይ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ካሬ። ጥልፍ የሚጠልፉ ነው የሚመስሉት። ጥንካሬውንም ከመጋዘን ልማዳቸው አልለወጡትም፦ ጥፍር የሚጭረውን ጨዋታው ውስጥ በእጅ መቆፈር ይቻላል፣ የመዳብ ሳንቲም የሚጭረው የመዳብ መሣሪያ ይፈልጋል፣ ቢላ የማይጭረው ደግሞ ላብ ያስወጣል። ልጄ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጣ ናሙናዎቻቸውን እየጨበጠች ትውላለች፤ ትልቅ ትልቁን ብቻ ነው የሚሰጧት።

ከድንጋዩ ቀጥሎ ቅይጥ ብረቶች መጡ። ድሮ በዚያ ጨዋታ አንድ ብረት ምድጃ ውስጥ ከተከተተ ሰይፍ ሆኖ ይወጣ ነበር። እትዬ ናሙና ይህን ሰረዙት። ነሐስ የፈለገ ሰው ዘጠኝ መዳብና አንድ ቆርቆሮ ማቅለጥ አለበት። ቆርቆሮ ስል የጣሪያውን አይደለም፤ ነጩን፣ ለስላሳውን ብረት ነው። መዳብ በምዕራብ፣ እሳቸው ጎጆ አጠገብ ሞልቷል። ቆርቆሮው ግን ወንዙን ተሻግሮ ከልጅቷ ቤት ኋላ ካለው ተራራ በቀር የትም የለም።

ይህን ያየሁት ፋይሉን ሳነብላቸው ነው፤ ዓይናቸው ሲደክም እኔ ነኝ የማነበው።

«እትዬ፣ ይሄ ቆርቆሮ አልራቀም?»

«ቆርቆሮ የሚገኘው ግራናይት ውስጥ ነው። ግራናይቱ ደግሞ እዚያ ነው ያለው። በእውነተኛውም ዓለም መዳብና ቆርቆሮ ጎን ለጎን አይገኙም፤ በጣም አልፎ አልፎ ነው። ድሮም ሰው አገር አቋርጦ ነው ያገናኛቸው።»

«ግራናይቱን እዚያ ማን አስቀመጠው?»

እርሳሳቸውን መቅረጽ ጀመሩ። ብዙ ቀረጹት።

«እኔ» አሉ።

ፋይሉን ማንበቤን ቀጠልኩ። ልጄም ቀና ብላ አየችኝ።

አንድ ችግር ነበር። አዲሶቹ ድንጋዮች አሮጌው ዓለም ውስጥ አይገቡም፤ አዲስ ዓለም መክፈት ያስፈልጋል። ወንዙና ተራራው ያው ይሆናሉ፤ አሮጌው ሲዘጋ ግን የልጅቷ ቤት ይቀራል። ስለዚህ እትዬ ናሙና ቤቱን ግንድ በግንድ ካሬ ወረቀት ላይ ገለበጡት፤ አዲሱን ዓለም ሲከፍቱም ከራሳቸው ጎጆ በፊት እሱን ሠሩት። አስራ አንድ ቀን ፈጀባቸው። ልጅቷ ጠማማ አድርጋ የሰቀለችውን መስኮት ጠማማ አድርገው ሰቀሉት። በሩ ላይ መብራት አንጠለጠሉ። ከዚያ ወደ ምዕራብ ተመልሰው መዳብ መቆፈር ጀመሩ።

የሠሩትን ለሌሎች ተጫዋቾችም እንዲደርስ ኢንተርኔት ላይ ለጠፉት። እኔ ነኝ የመከርኳቸው፤ ያን ያህል ድካም አንድ ክፍል ውስጥ መቅረቱ አንገብግቦኝ ነው። በአንድ ሳምንት ሁለት መቶ ሰው አወረደው። ማክሰኞ ከሰዓት ልጄን አስተኝቼ ሄድኩና አስተያየቶቹን ማንበብ ጀመርኩ።

«‹የሸክላ አፈር ፍለጋ የምድር ወለል ድረስ ወረድኩ፤ ማሰሮ ልሠራ ብዬ ልቀበር ነበር› ይላል አንዱ።»

«ሰነፍ ነው» አሉ እትዬ ናሙና።

«‹የወንዝ አሸዋው ወንዙ ውስጥ የለም።› ይሄ ሌላ ነው።»

«ዓይኑን ይመርመር።»

«ይሄኛው ዶማ ነኝ ይላል። ‹ይህን የሠራ ሰው ድንጋይ ያውቃል፣ እጁን ልስመው። ግን አንድ ጥያቄ፦ ዓለሙ የተገለበጠው ሆን ተብሎ ነው? ከታች መሆን ያለበት ደመና ላይ፣ ከላይ መሆን ያለበት ከታች ነው።›»

ተነሥተው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጡ፣ ከጎጇቸው ደጃፍ ቀጥ ብለው ወደ ታች መቆፈር ጀመሩ። በወራት ውስጥ ከላይ ከላይ መዳብ ከመልቀም በቀር አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ታች አልቆፈሩም ነበር። ለምን እንደሆነ በኋላ ስጠይቃቸው «እኔው የጻፍኩትን ለምን እቆፍራለሁ» አሉኝ። እውነት ነው፤ ግን ያኔ ቤት እየሠሩም ነበር።

ሲወርዱ ሲወርዱ፣ የዓለሙ ወለል ላይ፣ ጽኑ ዐለት መኖር ባለበት ቦታ፣ ጭቃ አገኙ። የለሰለሰ፣ ትኩስ የሚመስል የወንዝ ጭቃ።

ጨዋታው ለካ ከታች ነው የሚቆጥረው። ዜሮ የዓለሙ ወለል ነው፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ወደ ላይ ይወጣል። እሳቸው ደግሞ ሰላሳ አንድ ዓመት እንደለመዱት ዜሮን መሬት ገጽ ላይ አድርገው ሃምሳ ስምንቱንም ድንጋይ ጽፈዋል። አምስት ያሉት ጭቃ የዓለሙ እግር ሥር ገባ፤ መቶ አስር ያሉት ግራናይት ተራራው ጫፍ ላይ ወጣ።

«እንደ ፎቅ ነዋ የሚቆጥሩት» አልኳቸው። «እኛ አምስተኛ ላይ አይደለን? ጥበቃው ደግሞ ዜሮ ላይ።»

«ድንጋይ እንደ ፎቅ ይቆጠራል?» አሉ። «ይሄን ጨዋታ የሠሩት ልጆች ጉድጓድ አጠገብ ቆመው አያውቁም።» ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነው። «ሁለት መቶ ሰው! ሁለት መቶ ሰው ገልብጬ አስቀመጥኩ! አለቃዬ ይህን ቢያይ ሳጥኑን በራሴ ላይ ያራግፈው ነበር።» እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ልጄ ነቅታ ከግድግዳው ወዲያ ማልቀስ ስትጀምር ነው ያቆሙት። በዚያ ቤት ውስጥ ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

እርማቱ ቀላል ግን አሰልቺ ነው። ለአንድ ድንጋይ ሁለት ቁጥር፣ በጠቅላላው መቶ አስራ ስድስት፤ እያንዳንዱ ከመሬቱ ከፍታ ላይ ይቀነሳል። የሦስት ቀን ከሰዓት ፈጀብን። እኔ እጠራለሁ፣ እሳቸው ይቀንሳሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። መጨረሻው ቁጥር ላይ ስንደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«እትዬ፣ አሁንም አዲስ ዓለም ያስፈልጋል ማለት ነው?»

«ያስፈልጋል።»

«ቤቱስ?»

ደብተራቸውን ገለጡ። የቤቱ ሥዕል ያለበት ካሬ ወረቀት እንዳለ ነው። «ሁለተኛዬ ነው፤ እጄ ለምዶታል» አሉ።

እኔ ግን ይህን ዝም ብዬ ማየት አቃተኝ። ነገር ሲበላሽ ካየሁ እጄን ካላስገባሁ እንቅልፍ የለኝም፤ ባለቤቴ «የሰው ቤት ቧንቧ ካልጠገንሽ» እያለ ያሾፍብኛል። የልጅቷ ስልክ ቁጥር በራቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ተጽፏል። በማግስቱ ጠዋት ልብስ ማስጫው ጋ ወጥቼ ደወልኩላት። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ «አክስቴ ምን ሆነች?» ብላ ነፍሷ ወጣ።

«ደህና ናቸው፣ ምንም አልሆኑም። ስለ ጨዋታው ነው።»

«ስለ የቱ ጨዋታ?»

«እሁድ እሁድ የምትጫወቱት።»

ከኋላዋ አንድ ማሽን ይዞራል። «አሁንም ትጫወታለች እንዴ?»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ድንጋዩን፣ ቤቱን፣ ጠማማውን መስኮት። ቆርቆሮውንም ነገርኳት።

«ስሚኝ እህቴ» አለችኝ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። «እኔ ጨዋታ ወድጄ አይደለም እኮ። እሷ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው ያስጀመርኳት። እሁድ ስትገባ ዓይኗ ሲደክማት፣ ስታዛጋ ይሰማኝ ነበር፤ ለእኔ ስትል ነው የምትቀመጠው ብዬ ተውኩላት። ልገላግላት ብዬ። እዚህ የምጫወትበትን ኮምፒውተርም ለባለቤቴ እህት ሰጠሁት።» ከኋላዋ ማሽኑ ቆመ። «እሁድ እደውልላታለሁ። አሁን ናሙና ይዣለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ክፉ ሰው አይደለችም። ስልኩን ዘግቼ የታጠበውን አንሶላ ሁለቴ አሰጣሁት።

ነገር ማፈን አልችልበትም። ከሰዓት ገብቼ ለእትዬ ናሙና እንደደወልኩ ነገርኳቸው፤ ይቆጡኛል ብዬ ልጄን እንደ ጋሻ ታቅፌ ነበር። አልተቆጡም። ያለችውን ሁሉ፣ ማዛጋቱን ሳይቀር ጨርሼ እስክነግራቸው አንድ የግራናይት ቁራጭ በእጃቸው እያገላበጡ ሰሙ።

«ማዛጋቱ እውነት ነው» አሉ። «እኔም እኮ ለእሷ ብዬ ነበር። አዲስ ከተማ፣ ሰው አታውቅም፤ እሁድ እንኳ ቤተሰብ ይኑራት ብዬ።»

«እንግዲህ ሁለታችሁም . . .»

«ሁለት ዓመት ሁለታችንም የማንወደውን ጨዋታ ተጫወትን።» ግራናይቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «አሁን ግን ወደድኩት። ይሄ ነው ችግሩ።»

ልጅቷ እሁድ ደወለች። በግድግዳው ሰማሁ፤ ሰባት ደቂቃ ያህል ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ብርዱ አወሩ። ጨዋታውን ማንኛቸውም አላነሱትም። ሲጨርሱ ማውሱ ሳይሰማ ብዙ ቆየ።

በማግስቱ ዶማ የተባለው ሰው ሌላ መልእክት ላከ። የለጠፍነውን እርማት አመስግኖ፣ አንድ ነገር ጠየቀ፦ ቆርቆሮውን ወደ መዳቡ ጠጋ ያድርጉልን፣ ሰው ብቻውን ሆኖ ነሐስ መሥራት እንዲችል። ሌሎች አርባ ሰዎችም ከሥሩ ተስማምተዋል። እኔም ከእነሱ ጋር ነበርኩ፤ ቆርቆሮውን እዚያ ያቆየው ምክንያት ስልክ ላይ አልቋል ብዬ።

«አምጡትና ይገላገሉ» አልኳቸው። «ደግሞ እትዬ፣ ራስዎ ወንዙን ተሻግረው አንድ ፍሬ ይዘው መምጣት ይችሉ የለ? ነሐሱን አንድ ቀን እንኳ ሳያዩት?»

ነሐሱን እኔም አላየሁትም። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስቱን ካሬ ስለው ጨርሰዋል፤ ወረቀቱን ግን ደብተር ውስጥ ደብቀውታል። ቀልጦ ሲወጣ ነው የሚታየው ይላሉ።

«መሻገርማ እችላለሁ» አሉ።

«ታዲያ?»

«ብሄድ ያው እኔው ነኝ የምመለሰው።»

እኔ ልግባልዎት ብዬ ሞክሬም ነበር፤ ኮምፒውተሩ አንድ ነው፣ እኔ ስገባ እሳቸው መውጣት አለባቸው። አንድ ጊዜ ልጄን ታቅፌ ገብቼ ወንዝ ውስጥ ወደቅኩባቸው። «የአንቺ ሥራ ቤትሽ ነው ያለው» ብለው አስነሡኝ።

ለዶማ መልሱን እሳቸው አሉ፣ እኔ ጻፍኩ። «ቆርቆሮው ባለበት ይቆያል። ዋሽቼ ላቀርበው አልችልም። በሩን ግን ልክፈት።» ከዚያ ለሁለት ሰው ብቻ ተከፍቶ የኖረውን ዓለም ለማንም ክፍት የሚያደርገውን ቦታ ፈልገን ጫንነው። አድራሻውን ዶማ ተቀብሎ ተጫዋቾቹ ገጽ ላይ ለጥፎታል።

ቤቱን እንደገና ሠሩት። በዚህኛው ስምንት ቀን ነው የፈጀባቸው። መብራቱ በሩ ላይ አለ። አንድ ነገር ግን ለውጠዋል፤ እኔ ነኝ ያስተዋልኩት፣ እሳቸው አልነገሩኝም። ጠማማዋን መስኮት ቀና አድርገዋታል።

እስከ ዛሬ ቆርቆሮ ይዞ የመጣ የለም። ሁለት ሰዎች ገብተው ወንዙ ድረስ ሄደው ነበር፤ ጉዞው ረዝሞባቸው ነው መሰል ወጡ። እትዬ ናሙና ሰዎቹ መጥተው እንደነበር ያወቁት በማግስቱ፣ ባሕር ዛፍ የመሰለ ዛፍ ተቆርጦ ሲያገኙ ነው። «ቢያንስ መጥረቢያቸው ጥሩ ነው» አሉ። በቀን የሚያወጡትን ቃል እንደገና ቆጥሬዋለሁ፣ አስራ አራት ደርሷል። ሦስቱ ለልጄ ነው፤ ሲያይዋት «ናሙና አለሽ ዛሬ?» ይሏታል። መዳፏን ትዘረጋላቸዋለች።

ይህን ልጽፍ ነው ስላቸው ብዙ አሰቡ። ስለ እሳቸው እንዳላበዛ አዘዙኝ፤ እንዳያችሁት አልታዘዝኩም። መጨረሻው ላይ ግን የራሳቸውን ቃል እንዳስገባ ቃል አስገብተውኛል። ቆመው ነው ያስጻፉኝ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፦

«ከገባችሁበት ቦታ ወንዙን ፈልጉና ተሻገሩ። ፀሐይ የሚወጣበትን አቅጣጫ ይዛችሁ ሂዱ፤ መብራት ያለበት የእንጨት ቤት ታገኛላችሁ። በሩ አይቆለፍም፣ አልጋ አለው፣ የማንም አይደለም፤ ከደከማችሁ ተኙበት። ከኋላው ያለው ተራራ ሥሩ ግራናይት ነው። ጥቁር ቡናማ ድንጋይ ፈልጉ፣ ስታነሱት ከመጠኑ በላይ የሚከብደውን። ቆርቆሮ እሱ ውስጥ ነው። ብዙ አትቆፍሩ፣ አንድ ይበቃል። ዘጠኙን መዳብ እኔ ምዕራብ ዳር ይዤ እጠብቃለሁ፣ ምድጃውም ሞቋል። እባካችሁ፣ አንዷን ቆርቆሮ አምጡልኝ። ወደ እኔ ስትሻገሩ ደግሞ መብራት ያዙ፤ ከሩቅ ስትመጡ ልያችሁ።»